ሰባት ዓመት የተፈረደበት ፓምፕ

ሁዜይፋን ያመጣሁት እኔ ነኝ። አስቀድሜ የምናገረው ወድጄ አይደለም፤ አገሩ ሁሉ ስለሚያውቀው ነው። ዛሬም ድረስ ዝናብ ሲዘገይ፣ ዶሮ ሲሞት፣ ባጃጅ ጭቃ ውስጥ ሲቀረቀር ሰው ዞር ብሎ «ያመጣሽው አንቺ አይደለሽ?» ይለኛል። አዎ፣ እኔ ነኝ። ዶሮዋን ግን እሱ አልገደላትም።

ሙሉሐረግ እባላለሁ። ከመካነ ሰላም ወደ ከላላ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች ቀበሌ የግብርና ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ ገበሬ ማሳመን ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ «በመስኖ ነጭ ሽንኩርት ትከሉ» እያልኩ ስጮህ ኖሬ ያሳመንኩት ሁለት ሰው ብቻ ነው፤ ጋሽ አራጋውንና ጋሽ ያሲንን። ሁለቱ ድንበርተኞች ናቸው። የውሃ ፓምፕ በጋራ ገዝተው ወንዙ ዳር ተክለዋል፤ ሰኞና ረቡዕ ጋሽ አራጋው ያጠጣሉ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ጋሽ ያሲን። በፓምፑ ተጣልተው የሚያውቁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ መጀመሪያ በተገዛ ዕለት «አንተ ቅደም»፣ «የለም፣ አንተ ቅደም» ሲባባሉ ግማሽ ቀን አልፎ ሁለቱም ሳያጠጡ ገቡ። ሌላው ገበሬ ደግሞ እጁን አጣጥፎ የእነሱን ሽንኩርት ያያል። ካማረ ይከተለኛል፤ ከደረቀ ለሌላ ሦስት ዓመት መጮህ ነው።

ሁዜይፋ የመጣው ሽንኩርቱ ራስ መቋጠር በጀመረበት ሰሞን ነው። የደሴ ልጅ ነው፤ ኢኮኖሚክስ ተምሮ፣ ባሕር ማዶ ደርሶ ተመልሶ፣ ለዶክትሬቱ ጥናት ይሠራል። «የጋራ ንብረት ያላቸው ሁለት ገበሬዎች ፈልጊልኝ» አለኝ። እኔም የልቤን ኩራት፣ ሁለቱን ሽማግሌዎች አሳየሁት፤ የሦስት ዓመት ሪፖርቴንም ጨምሬ። ሪፖርቱን ገለጥ ገለጥ አደረገና «ሙሉ፣ አትቀየሚኝ፤ በሦስት ዓመት ሁለት ገበሬ በስታቲስቲክስ ዓይን ዜሮ ነው» አለኝ።

ስታቲስቲክስ ዓይን እንዳለው ያን ዕለት አወቅሁ። ቂምም ያዝኩ። ቂሜን ልብ በሉልኝ፤ የመከራው ሁሉ መነሻ እሷ ናትና።

በማግስቱ ፓምፑ አጠገብ ድንጋይ ድንጋያችን ላይ ተቀምጠን ሁዜይፋ ጥናቱን አስረዳ። ሰው ከሰው ጋር ሲስማማ፣ ሲካካድ፣ ሲጠባበቅ በሒሳብ የሚያጠና ትምህርት አለ፤ የጨዋታ ንድፈ ሐሳብ ይባላል አለ።

«ሁለት ሌቦች ተያዙ እንበል» ብሎ ጀመረ። «ለየብቻ ታሰሩ። አንዱ በሌላው ላይ ቢመሰክር...»

«የማን ልጆች ናቸው?» አሉ ጋሽ አራጋው።

«ምሳሌ ነው ጋሼ። የማንም ልጆች አይደሉም።»

«አይይ! ዘመድ የሌለው ሌባ! ማን ዋስ ሊሆነው ነው?» ጋሽ አራጋው ከልባቸው አዘኑ። ጋሽ ያሲን ደግሞ ጎናቸውን እያከኩ «ለእኛ ምሳሌ ሌባ ብቻ ነው የተገኘው?» ብለው አጉረመረሙ።

ሁዜይፋ ሌቦቹን ፈታና ወደ ብሎክቼይን ተሻገረ፤ የሁለቱን የውሃ ተራ በዚያ በውል ሊያስር ነው የመጣው። ውሉ የሚቀመጠው ወረቀት ላይ አይደለም፤ በዓለም ዙሪያ ባሉ ሺህ ኮምፒውተሮች ላይ ነው። አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይዞታል። አንዴ ከተጻፈ ማንም አይሰርዘውም፤ ዳኛ አያስፈልገው፣ ሽማግሌ አያስፈልገው፤ የተባለው ሰዓት ሲደርስ የተባለውን ራሱ ይፈጽማል።

ጋሽ ያሲን ፊታቸው በራ። «ገባኝ! አንዴ ከወጣ የማይመለስ፣ ሁሉም ቤት የሚገኝ፣ ማን እንደያዘው የማይታወቅ። ሐሜት ነዋ!»

ሁዜይፋ ሊያርማቸው አፉን ከፈተ፤ ከዚያ አሰበና ደብተሩ ላይ ጻፈው።

ቀጥሎ የመጣው ነው ጉዱ። «እንግዲህ» አለ፣ «አንዳችሁ በሌላው ተራ ብታጠጡ ፓምፑ ለስንት ጊዜ ይቆለፍ?» በልቡ የያዘው አንድ ቀን ነበር፣ ኋላ ነግሮኛል።

«ሰባት ዓመት!» አሉ ጋሽ አራጋው።

«ሰባት አይበዛም» አሉ ጋሽ ያሲን። «ሰባት ይሁን።»

የሁዜይፋ እስክርቢቶ ከእጁ ወደቀ።

እዚህ አገር የኖረ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። እኛ ዘንድ ቅጣት የሚጣለው ሊቀነስ ነው። ባለፈው ክረምት የአንዱ በቅሎ የሌላውን ገብስ በላች። ሽማግሌ ተቀምጦ «ሠላሳ ቁና ገብስ ይስጥ» ብሎ ፈረደ። ከዚያ ልመናው ተጀመረ። ተበዳዩ ለአላህ ብሎ አሥር ተወ፤ ለነቢ ብሎ አምስት፤ ስለ ማርያም አምስት፤ ስለ ሽማግሌዎቹ ሽበት አምስት፤ ስለ በዳዩ እናት ሦስት። የቀረችውን ሁለት ቁና ባለበቅሎው ተሸክሞ ሲመጣ «በል መልሰህ ውሰድና ለበቅሎዋ ስጣት፣ ከስታለች» ተባለ። ፍርዱ ከመጀመሪያው ሁለት ቁና ቢሆን ኖሮስ? ለአላህ ምን ሊተው ነው? ለማርያም ምን ሊተርፍ? ትንሽ ቅጣት የሚፈርድ ሽማግሌ በእኛ አገር ንፉግ ነው፤ ለይቅርታ የሚሆን ቦታ አላስቀመጠም። ስለዚህ ሰባት ዓመት ማለት፣ ሲለመን ውሎ፣ ቢበዛ የአንድ ከሰዓት በኋላ ኩርፊያ ማለት ነው።

እኔ ይህን አውቅ ነበር። ሁዜይፋ አላወቀም። ደሴ ከተማ መሀል አድጎ፣ ቀጥሎ አውሮፕላን ላይ ወጥቶ፣ ከየት ያውቀዋል? ልነግረው ይገባኝ ነበር። ግን ዜሮ ነሽ ብሎኛል። ዜሮ ሰው ደግሞ ምክር አይሰጥም።

«አየሽ ሙሉ?» አለኝ በጆሮዬ፤ «እንዲህ ያለ ቁርጠኝነት በየትኛውም አገር ጥናት ላይ አልታየም!»

«ጻፈው» አልኩት።

«ማንም ሊሰርዘው አይችልም፤ ተረድታችኋል?» ብሎ ሁለቱን በድጋሚ ጠየቀ። ተረድተናል አሉ። እንዲህ የማይል ውል መቼም የለም፤ ማስፈራሪያ የሌለው ውል ጨው የሌለው ወጥ ነው። አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው፣ ለደንቡ ያህል ወረቀትም ላይ ፈረሙ።

ፓምፑ ላይ መዳፍ የምታህል ጥቁር ሣጥን ተገጠመች፤ ከላይዋ ትንሽ የፀሐይ ብርሃን መቀበያ አለች። ለእያንዳንዳቸው የምስጢር ቁጥር ተሰጣቸው። ባለተራው በቀኑ ቁጥሩን ሲነካ ቁልፉ ይከፈታል። ጋሽ ያሲን «ቢስሚላሂ»፣ ጋሽ አራጋው «በስመ አብ» እያሉ አራት ሳምንት ነኩ። ውሃው መጣ፣ ሽንኩርቱ አማረ። ሁዜይፋ መካነ ሰላም ቤት ተከራይቶ በኮምፒውተሩ እያየ ሲደሰት ከረመ።

በአምስተኛው ሳምንት ሐሙስ ጋሽ ያሲን ከላላ ለቅሶ ሊደርሱ በጠዋት በቅሏቸውን ጫኑ። ሲያልፉ የጋሽ አራጋውን መደብ አዩ፤ በላይኛው በኩል ያለው ጠውለግ ብሏል። «አራጋው፣ የኔው ጠጥቷል። ዛሬ የኔን ተራ አንተ አጠጣበት» ብለው ሄዱ። ጋሽ አራጋው «አላህ ይስጥህ» አሉና ወርደው ቁጥራቸውን ነኩ።

ሣጥኗ ቀይ መብራት አበራች። ጠቅ አለች። በሁለቱም ስልክ መልእክት ገባ፤ ልጆች አነበቡላቸው። «ውል ፈርሷል። ፓምፑ ለሁለት ሺህ አምስት መቶ ሃምሳ አምስት ቀናት ተዘግቷል። ስለተሳተፉ እናመሰግናለን።»

መጀመሪያ ማንም አልደነገጠም። እንዲያውም ጋሽ ያሲን ከለቅሶው ሲመለሱ «በል እንግዲህ፣ ሽማግሌ ይጠራ፤ ቅዳሜ እንጨርሰው» ብለው እራታቸውን በሉ። ሁዜይፋም በማግስቱ በባጃጅ፣ ባጃጁ ሲቆም በእግሩ እየሮጠ ጋሽ ያሲን ቤት መጣ። እየሳቀ ነበር።

«ሠራ! ጥሰቱን በሦስት ሰከንድ ያዘው!»

«ማሻአላህ» አሉ ጋሽ ያሲን። «አሁን ማንን ነው የምንለምነው?»

«እንዴት?»

«ቅጣቱን የሚቀንሰው ማን ነው?»

ሁዜይፋ ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ። «ማንም» አለ። «የውሉ ውበት እሱ እኮ ነው። ይቅርታ መኖሩ ከታወቀ ቅጣቱ አያስፈራም። ስለዚህ የይቅርታውን በር ዘግቼዋለሁ።»

«ለራስህም?»

«ለራሴም።»

የጋሽ ያሲን ባለቤት እትዬ ዘይነባ ጓሮ ሆና ስትሰማ ቆይታ ኖሮ ድምጿ መጣ። «እኔን አፈር ይብላኝ! በር የሌለው ቤት ሠርቶ ውስጡ ተቀመጠ!»

እኔ ያኔ ነው የደነገጥኩት። ሽንኩርት ራስ እየቋጠረ ሳለ ያለ ውሃ ቢቆይ አሥር ቀን ነው፤ ከዚያ ወዲያ ቅጠሉ ይቃጠላል፣ ራሱም ፍሬ ሳይሆን እንደ አተር ደንድኖ ይቀራል። አሥር ቀንና ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሃምሳ አምስት ቀን በሒሳብም ሆነ በዱዓ አይገናኙም። ቂሜን አፌ ውስጥ ይዤ የሁለት ቤት ሰብልና የሦስት ዓመት ጩኸቴን ላደርቀው ነው። አፈርኩ። ግን አሁንም አልተናገርኩም፤ እፍረት ከቂም ይብሳል።

ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ መጡ። ፊት ፊት የሚሄዱት አበጋሩ ሼህ አሕመዲን ናቸው፤ ደም የሚያደርቁ፣ ሦስት ቀበሌ የሚያስታርቁ ሰው። ነገሩን በጥሞና ሰሙና «እነዚህ ሺህ ኮምፒውተሮች የት ነው ያሉት?» ብለው ጠየቁ።

«በየአገሩ። ማንም በትክክል አያውቅም።»

«ከሺሁ ታላቅየው የትኛው ነው?»

«ታላቅ የለም። ሁሉም እኩል ናቸው።»

ሼህ አሕመዲን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ታላቅ በሌለበት ቤት ማን ጋ ይገባል! ቢያንስ አንዱን ወሎ አምጣልንና እንለምነው፤ እሱ ለሌሎቹ ይንገር።» አንድ ኮምፒውተር ቢለመንም ሌሎቹ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኙ እንደማይሰሙት ለመናገር ሁዜይፋ አቅም አጣ።

ከእሑድ ጀምሮ በጀሪካን መሸከም ሆነ። አህያ፣ ሴት፣ ወንድ፣ ከወንዝ ወደ መደብ። ሁዜይፋም ተሸከመ፤ ጥፋተኛ ሲሸከም ደስ ይላል፣ እኔም ግን አጠገቡ ነበርኩ። ከሃያ መደብ ሁለቱን አረጠብን። የቀሩት ጫፋቸው ቢጫ ሆነ። እትዬ ዘይነባ ጀሪካን ባወረደች ቁጥር «በል ዶክተር፣ ከሺሁ አንዱን ጥራልኝ፤ ይቺን ያዝልኝ በለው» ትለዋለች። «ገና ነኝ እትዬ፣ ዶክተር አልሆንኩም» ይላታል። «በዚህ አያያዝህ አትሆንምም» ትለዋለች።

በስምንተኛው ቀን ሁዜይፋ አላስቻለውም። ከመካነ ሰላም ፒንሳ ይዞ መጣ። ፊቱ ነጥቷል። «እሰብረዋለሁ» አለኝ። «የአራት ዓመት ጥናቴ ነው፣ ግን እሰብረዋለሁ።» ተከትዬው ወረድኩ። ጋሽ አራጋውና ጋሽ ያሲን እዚያው ፓምፑ አጠገብ ጀሪካን ይሞላሉ።

ሣጥኗ ላይ ጎንበስ አለ። ቁልፏን በሁለት ጣቱ ያዛት፤ ወለል ብላ ተከፈተች። ሰማዩ ሰሞኑን ዳምኖ ነበርና ባትሪው ሞቷል። ባትሪ ሲያልቅ ቁልፉ እንዲከፈት የሠራው ራሱ ነው፣ አደጋ ቢመጣ ሰው እንዳይቸገር ብሎ።

«ክፍት ነው!» ብሎ ጮኸ። «ጋሽ አራጋው! ክፍት ነው!»

«አዎ» አሉ ጋሽ አራጋው፣ ጀሪካናቸውን ሳይለቁ።

«አይታችሁታል?»

«እሑድ አይተነዋል።»

«ታዲያ... ታዲያ ለምን አላስነሳችሁትም? አራት ቀን ሙሉ ክፍት ፓምፕ አጠገብ በጀሪካን ትሸከማላችሁ?»

ጋሽ አራጋው «የሰው ጎተራ ክፍት ነበር፣ ለምን አልወሰድክም?» እንደተባለ ሰው አዩት። «ቁልፉ ነው እንዴ የፈረመው?» አሉት። «የፈረምነው እኛ ነን። ሰባት ዓመት ብለናል፤ የማረን የለም።»

ሁዜይፋ ፒንሳውን እንደያዘ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ሰው ቃሉን የሚጠብቀው ቁልፍ ስላለ ነው ብሎ መቶ ሰባ ገጽ ጽፏል። እነዚህ ሁለት ሰዎች ደግሞ ቁልፉን ራሱን እየጠበቁት ነው። አሳዘነኝ። ሽንኩርቱም አሳዘነኝ። ሁለት ቀን ቀርቶታል።

የዚያኑ ዕለት ሽማግሌዎቹ እንደገና ጋሽ ያሲን ቤት ተቀመጡ። ክርክሩ አንድ ቦታ ላይ ተገትሮ እምቢ አለ። «ተበዳዩ ማን ነው?» አሉ ሼህ አሕመዲን። «ያሲን ተራውን ሰጠ፤ አልተበደለም። አራጋው ተፈቅዶለት ወሰደ፤ አልበደለም። ተበዳይ የሌለበትን ጥፋት ማን ይምራል?» ሽማግሌዎቹ እንዲህ ያለ መከራ ደርሶባቸው አያውቅም፤ ነፍስ የገደለ እንኳ ሲመጣ ተበዳይ ይዞ ነው የሚመጣው።

እኔ ለመናገር ተነሳሁ። «ውሉን የወለደው ማን ነው?» አልኩ። «ሁዜይፋ አይደለም? ልጁ ነው። ውሉ ዓይኑ እያየ ፈረሰበት። ተበዳዩ እሱ ነው።»

አሥራ አንድ ጥምጥም በአንድ ጊዜ ወደ ሁዜይፋ ዞረ። ሁዜይፋ ደስታው አፍኖት ብድግ አለ። «ምንም አልተቀየምኩም! ይቅር ብያለሁ! ሰባቱንም ዓመት! ምንም ችግር የለም!»

ቤቱ ቀዘቀዘ። ሼህ አሕመዲን በትራቸውን አነሱና ተነሱ። «ገና ሳንለምንህ?» አሉ። «ስንት ሽበት፣ ስንት ዳገት ወጥቶ መጥቶ፣ ምንም ችግር የለም? የኛ ልመና ይህን ያህል ረክሷል?» ሽማግሌው ሁሉ ጋቢውን እየሰበሰበ ወጣ።

የሁዜይፋን ክንድ ይዤ ከቤቱ ጀርባ ወሰድኩት። «ነገ ጠዋት ይመጣሉ፣ እኔ እለምናቸዋለሁ። አንተ ግን ፊትህን አጥቁር። ሲለምኑህ መጀመሪያ አይሆንም በል።»

«ስንት ጊዜ?»

«እስኪበቃ።»

«ስንት ነው የሚበቃው?»

«አይቆጠርም እኮ ሁዜይፋ! ሰው ናቸው! ፊታቸውን እያየህ!»

ደብተሩን ሊያወጣ ኪሱን ዳሰሰ። እጁን መታሁት።

በማግስቱ ፓምፑ አጠገብ ተሰበሰብን። ጋሽ አራጋውና ጋሽ ያሲን፣ ማንኛቸው በዳይ እንደሆኑ ስላልተለየ፣ ሁለቱም ማጅራታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመው ተንበረከኩ። የጋሽ አራጋው ድንጋይ ተለቅ ያለ ነበር፤ ጋሽ ያሲን በጎን አይተው አስቀየሩና የሚበልጥ አመጡ። ሁዜይፋ ፊቱን አጥቁሮ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ሆዱን ያመመው ይመስላል፣ ግን ይሞክራል።

ሼህ አሕመዲን ዱዓ አደረጉና «ለአላህ ብለህ» አሉት። አይሆንም አለ። ደግመው ለመኑት፤ አይሆንም አለ። በሦስተኛው አንድ ዓመት ተወ። «አሚን!» ወንዙ ማዶ ድረስ ተሰማ። ለነቢ ብሎ ሁለተኛውን ተወ። ጋሽ አራጋው ከድንጋያቸው ሥር «ስለ ማርያም» አሉ፤ ሦስተኛው ሄደ። ስለ ሽማግሌዎቹ ሽበት አራተኛው። እትዬ ዘይነባ ነጠላዋን መሬት አንጥፋ «ስለ ወለደችህ እናትህ ልጄ፤ ጀሪካን ላይ ያልኩህን ሁሉ ውሃ ይውሰደው» አለች፤ አምስተኛው ቀለጠ። ከዚያ ጅዳ ለምትሠራው ለጋሽ ያሲን ልጅ ለአሚራ በኢሞ ተደወለላት። የአሠሪዎቿ ልጅ ከኋላ እያለቀሰ፣ «ወንድሜ፣ ስለ ስደቴ» ብላ መስመሩ ተቋረጠ። ስድስተኛው ተተወ።

ሰባተኛው ላይ ሁዜይፋ «አይሆንም» አለ።

ደግመው ለመኑት። አይሆንም። ጎበዝ፣ ተማረው አልኩ በልቤ። ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ አምስተኛ ጊዜ ለመኑት። አይሆንም። ፊቱን ሳየው ግን ጨዋታ አልነበረም።

«ይቺን ከተውኩ ጥናት የለኝም» አለ። «ይቅር የሚል ሰው በሌለበት ውል ይከበራል ወይ ብዬ ነው አራት ዓመት የደከምኩት። መጨረሻ ላይ ይቅር ባዩ እኔው ልሁን? መምህሬን ምን እለዋለሁ?»

ስለ ጥናቱ ከእኔ በቀር የገባው አልነበረም። ማዘኑ ግን ለሁሉም ገባው። ሼህ አሕመዲን ወደ ጎናቸው ዘንበል ብለው «አሁን ገና ተበዳይ መሰለ» አሉ፣ ረክተው። የሚለመንበት ስም ግን አልቆ ነበር። ቢጫው ቅጠል ከበስተኋላችን ይታያል።

ወረድኩና ጭቃው ላይ ተንበረከክሁ። እኔ ለሰው ተንበርክኬ አላውቅም፤ ለገበሬ እንኳ ቆሜ ነው የምጮኸው።

«ሁዜይፋ» አልኩት። «ሰባት ዓመት ሲሉ የልመና መሆኑን ያን ዕለት አውቅ ነበር። ዜሮ ስላልከኝ ደበቅሁህ። ጥናትህን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ ሽንኩርቱንም ያደረቅሁት እኔ ነኝ። የበደለህ ሌላ ሰው የለም። ይቅር በለኝ።»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ጋሽ ያሲን ድንጋያቸውን ትንሽ ቀና አድርገው «አልሐምዱሊላህ፣ በዳዩም ተገኘ!» አሉ።

ሁዜይፋ ከእኔ ወደ ጋሽ አራጋውና ወደ ጋሽ ያሲን ዞረ። «አንድ ነገር ልጠይቃችሁ» አለ። «ባልምርስ? ቁልፉ ክፍት ነው። ከልባችሁ ሰባት ዓመት በጀሪካን ልትሸከሙ ነበር?»

«ሰባት ዓመት?» አሉ ጋሽ ያሲን፣ ደንግጠው። «በምን ጉልበታችን! ነገ አንተን ትተን የሚምር ሌላ ተበዳይ እንፈልግ ነበር እንጂ።»

ሁዜይፋ መጀመሪያ በአፍንጫው፣ ቀጥሎ በሆዱ ሳቀ፤ በርጩማው ከሥሩ ሸሸና ጭቃው ላይ ከእኔ ጎን ተቀመጠ። እንባውን እየጠረገ «ስለ ሙሉ ብዬ ሰባተኛውንም ትቻለሁ» አለ። ድንጋዮቹ ወረዱ፤ ሽማግሌው መረቀ፤ ፀሐይ ወጥታ ባትሪው እንዳይነሳም ሁዜይፋ ሣጥኗን ነቀላት። ጋሽ አራጋው ገመዱን ሲስቡ ፓምፑ ሁለቴ አስነጠሰና ተነሳ። ውሃው በቦዩ ሄዶ የመጀመሪያውን ቢጫ መደብ ሲነካ አለቀስኩ። ሰው አየኝ አላየኝ ግድ አልነበረኝም። ከሃያው አሥራ ስድስቱ ተረፈ፤ በመኸሩ ዘጠኝ ገበሬ ዘር ጠየቀኝ። ዘጠኝ በስታቲስቲክስ ዓይን ስንት እንደሆነ አልጠየቅሁም። ሺሁ ኮምፒውተሮች እስከ ዛሬ ፓምፑ ተቆልፏል ይላሉ አሉ። ሐሜት ነው፣ ይበሉ።

ያን ከሰዓት በኋላ ሁዜይፋ ቦዩ ዳር ተቀምጦ ለመምህሩ የሚልከውን ፎርም ሲሞላ በትከሻው ላይ አየሁት። «ውሉን ያፈረሰ ወገን» ይላል አንዱ መስመር። ብዙ ጊዜ አሰበ። የጋሽ አራጋውን ስም አልጻፈም፣ የጋሽ ያሲንንም፣ የእኔንም። የራሱን ስም ከነአባቱ ጻፈ። ቀጥሎ «የተጣለበት ቅጣት» የሚል ባዶ ቦታ አለ።

«እዚህ ላይ ምን ልበል?» አለ፣ ማንን እንደጠየቀ ሳያውቅ።

ጋሽ ያሲን ቦዩ ውስጥ እግራቸውን እየታጠቡ ነበር። «ትልቅ አድርገህ ጻፈው» አሉት። «አይዞህ፣ እኛ እንለምንልሃለን።»